ከስንት ነው የሚያዘው?

ጋምቤላ፣ ማታር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ ነገር ደጋግማችሁ ጠየቃችሁኝ። “ይህ ካልኩለስ የሚሉት ትምህርት ምን ቢሆን ነው በ12ኛ ክፍል ጎበዝ የተባለውን ልጅ ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ዓመት የሚጥለው? ውጤቱስ እንዴት ነው የሚሰጠው?” አላችሁኝ። በስልክ ጀምሬላችሁ ነበር፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሳልጨርስ ቀረሁ። ጥያቄው ደግሞ ከልቤ የምወደው ጥያቄ ነው፤ በጽሑፍ ሰብሰብ አድርጌ ልመልሰው።

ከራሱ ከትምህርቱ ልነሳ። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ እንዴት እንደሚመዘን መናገር አይመችም።

ክረምት ላይ ባሮን አስቡት። ጌባና ብርብር ተገናኝተው ባሮ ከሆኑ በኋላ ውሃው ከደጋው ወርዶ፣ ጋምቤላ ከተማንና ኢታንግን አልፎ፣ እናንተ ዘንድ ሲደርስ አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነውና ወደ ጎን መስፋት ይጀምራል። አንድ ሰው ዳር ላይ ሳንቲ ሜትር የተጻፈበት እንጨት ተከለ እንበል። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሲያይ ውሃው 120 ላይ ነው። ማክሰኞ በዚያው ሰዓት 150፣ ረቡዕ 170፣ ሐሙስ 180። ውሃው በየቀኑ ጨምሯል። ጭማሪውን ለብቻው ካያችሁት ግን መጀመሪያ 30፣ ቀጥሎ 20፣ ቀጥሎ 10 ነው። ወንዙ ገና እየወጣ ነው፤ አወጣጡ ግን እየደከመ ነው። ከብቱን ወደ ከፍታ መንዳት እንዳለበትና እንደሌለበት የሚያሰላ ሰው “ውሃው የት ደረሰ?” ብሎ ብቻ አይበቃውም፤ “በምን ፍጥነት እየመጣ ነው? ፍጥነቱስ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ፈንክሽን ነው። የሁለተኛው ዴሪቬቲቭ ይባላል። የሦስተኛው የዴሪቬቲቩ ዴሪቬቲቭ ነው። የካልኩለስ ግማሹ ይኸው ነው።

ሌላው ግማሽ ወደ ኋላ መመለስ ነው። እንጨቱን ያየ ሰው ባይኖርና በየቀኑ ስንት እንደጨመረ ብቻ የመዘገበ ሰው ቢኖር፣ 30ን፣ 20ንና 10ን ደምሮ “ከሰኞ እስከ ሐሙስ 60 ሳንቲ ሜትር ወጥቷል” ማለት ይችላል። ከፍጥነት ተነስቶ ጠቅላላውን መሰብሰብ፣ ኢንቴግራል ማለት ይኸ ነው። ሁለቱ አንዱ የሌላው መልስ መሆናቸውን ኒውተንና ላይብኒትስ በ17ኛው መቶ ዘመን እያንዳንዳቸው በየፊናቸው አሳዩ። እኔ ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

በመካከል አንድ ረቂቅ ነገር አለ። “ማክሰኞ ልክ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፍጥነቱ ስንት ነበር?” ብትሉኝ፣ በዚያች ቅጽበት ወንዙ ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ምክንያቱም ቅጽበት ርዝመት የላትም። ዜሮ ሳንቲ ሜትር ለዜሮ ሰዓት ማካፈል ደግሞ አይቻልም። ታዲያ ምን ይደረጋል? ከ12 እስከ 1 ሰዓት ያለውን እንወስዳለን፤ ከዚያ የግማሽ ሰዓቱን፣ ከዚያ የአንድ ደቂቃውን፤ እያጠበብን ስንሄድ መልሱ ወደ አንድ ቁጥር እየተጠጋ ይመጣል። ያ የሚጠጋበት ቁጥር ሊሚት ነው። ተማሪውን የሚያስጨንቀው ይህ ነው፦ ሊሚት እስኪመጣ ድረስ ሂሳብ “አስገባና አውጣ” ነበር፤ አሁን “ወዴት እየተጠጋ ነው?” የሚል አዲስ ጥያቄ መጣ።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው እንግባ።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ዓመት ተመልሷል፤ ተማሪ ዲፓርትመንት ከመግባቱ በፊት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል። የተፈጥሮ ሳይንሱ ተማሪ መጀመሪያ “ማቴማቲክስ ፎር ናቹራል ሳይንስ” የተባለውን ይወስዳል፤ እሱ ሎጂክን፣ ቁጥሮችን፣ ፈንክሽኖችንና አናሊቲክ ጂኦሜትሪን የሚያጠናክር ነው። ኢንጂነሪንግና መሰሎቹን የሚመርጠውን ቀጥሎ “አፕላይድ ማቴማቲክስ ዋን” ይጠብቀዋል። ቬክተርና ማትሪክስ ካለፈ በኋላ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራል የሚመጡት እዚያ ነው። የሂሳብ ዲፓርትመንት የሚገባው ደግሞ “ካልኩለስ ዋን” ብሎ ራሱን የቻለውን ይወስዳል፤ ለብዙ ዓመታት የማጣቀሻ መጽሐፉ ኤሊስና ጉሊክ የጻፉት ወፍራሙ መጽሐፍ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ አንድ ወረቀት ያድላል፤ ኮርስ አውትላይን ይባላል። ምን እንደሚማሩ፣ በየትኛው ሳምንት፣ ከየትኛው መጽሐፍ፣ እንዴት እንደሚመዘኑ የተጻፈበት ነው። የአውትላይኑን ዋጋ የምትረዱት ተማሪው ክፍል ውስጥ ዘወትር የሚጠይቀውን ስትሰሙ ነው። ኩዊዝ ሲባል፣ አሳይመንት ሲባል፣ ሚድ ሲባል፣ ከሁሉም በፊት የሚነሳው ጥያቄ “ከስንት ነው የሚያዘው?” የሚል ነው። መልሱ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀቱ ላይ አለ። ብዙው ዩኒቨርሲቲ የሚሠራበት ልማድ ከ100 ግማሹን ለተከታታይ ምዘና፣ ግማሹን ለፋይናል መስጠት ነው። ለምሳሌ ኩዊዝ 10፣ አሳይመንት 10፣ ሚድ 30፣ ፋይናል 50። አከፋፈሉ ከመምህር መምህር ይለያያል፤ ፋይናል ግማሹን መያዙ ግን የተለመደ ነው።

ያ ወረቀት የሚናገረው ሌላም አለ፤ ማንም አያነበውም እንጂ። ኢሲቲኤስ የኮርሱ የሥራ ጫና መለኪያ ነው፤ ኮርሱ 5 ኢሲቲኤስ ከተባለ፣ በአገራችን ስሌት አንዱ 27 ሰዓት ነውና፣ ከተማሪው የሚጠበቀው ጠቅላላ 135 ሰዓት ሥራ ነው። መንፈቁ 16 ሳምንት ቢሆን በሳምንት 8 ሰዓት ከግማሽ ያህል ማለት ነው። ክፍልና ቱቶሪያል በሳምንት 5 ሰዓት ቢይዙ፣ በየሳምንቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ለብቻ እርሳስ ይዞ መቀመጥ ይጠበቃል። ልጁ ፋይናል ሲደርስ በሦስት ሌሊት ቢቸክል ሃያ ሰዓት ያህል ነው የሚያገኘው። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት።

አሁን ወደ ግሬዱ። በ2005 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚጣጣሙበትን የትምህርት ፖሊሲ አወጣ፤ በዚያ ውስጥ ቋሚ የግሬድ መለኪያ አለ። ከ90 በላይ ኤ ፕላስ፣ ከ85 ኤ ነው፤ ሁለቱም 4 ነጥብ ይይዛሉ። ከ80 ኤ ማይነስ 3.75፣ ከ75 ቢ ፕላስ 3.5፣ ከ70 ቢ 3፣ ከ65 ቢ ማይነስ 2.75፣ ከ60 ሲ ፕላስ 2.5፣ ከ50 ሲ 2፣ ከ45 ሲ ማይነስ 1.75፣ ከ40 ዲ 1። ከ40 በታች እስከ 30 ኤፍ ኤክስ ነው፤ ከ30 በታች ኤፍ። ሁለቱም ዜሮ ነጥብ ናቸው፤ ልዩነታቸው ኤፍ ኤክስ ያገኘ ድጋሚ ፈተና የመቀመጥ ዕድል ሲኖረው፣ ኤፍ ያገኘ ኮርሱን እንደገና መማር አለበት። ቁጥሮቹ በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሕግ ጥቂት ሊለያዩ ስለሚችሉ ልጃችሁ የሚማርበትን ግቢ ሕግ እዩ።

ይህን መለኪያ አንድ ጊዜ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ከ50 እስከ 60 ያለው አሥር ማርክ ሁሉ አንድ ግሬድ ነው፤ 51 ያመጣና 59 ያመጣ እኩል 2 ነጥብ ይጻፍላቸዋል። 49 ያመጣው ግን ከ50 በአንድ ማርክ ብቻ ተለይቶ 1.75 ይሆናል። ለመመረቅ የሚያስፈልገው ጠቅላላ አማካይ 2.00 ነው። አማካዩ ሲሰላ የእያንዳንዱ ኮርስ ነጥብ በክሬዲቱ ይባዛል። እንግዲህ አንድ ተማሪ እናስብ። ባለ 3 ክሬዲት አምስት ኮርሶች ወስዶ በሁሉም ሲ አግኝቷል፤ 15 ክሬዲት በ2 ሲባዛ 30 ነጥብ ይሆናል። ባለ 4 ክሬዲት ካልኩለስም አለው። በእሱ 50 ቢያመጣ 8 ነጥብ ይጨመራል፤ 38 ለ19 ሲካፈል ልክ 2.00። በእሱ 49 ቢያመጣ 7 ነጥብ ብቻ ይጨመራል፤ 37 ለ19 ሲካፈል 1.95 ያህል ነው። ከመስመሩ በታች። ያቺ አንድ ማርክ ደግሞ የት እንደጠፋች ሲፈለግ፣ ሳይረከብ የቀረ አሳይመንት ወይም በዝናብ ምክንያት የቀረ ኩዊዝ ውስጥ ትገኛለች።

ክሬዲቱ የበዛ ኮርስ ሚዛኑን የሚጎትተው በዚህ ምክንያት ነው። ካልኩለስን አስፈሪ የሚያደርገው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ክሬዲቱም ነው።

ቀጥሎ ያለውን ስሌት ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ ሚድ ተመልሶለት በዚያው ቀን ቢሠራው ደስ ባለኝ። ከፋይናል በፊት ካለው 50 ውስጥ 21 አለኝ እንበል። ሲ ለማግኘት ከፋይናሉ 50 ውስጥ 29 ያስፈልገኛል። ይቻላል፤ ከግማሽ ትንሽ በላይ ነው። 12 ብቻ ካለኝ ግን 38 ያስፈልገኛል፤ ከፋይናሉ ሦስት አራተኛው መሆኑ ነው። 38 ያመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ሚድ ላይ የወደቀው ያው ልጅ ነው። ስለዚህ በ12 ማርክ ላይ ያለ ተማሪ በስምንተኛው ሳምንት ማወቅ ያለበትን በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት ካወቀ ረፍዷል። ለዚህ ነው መምህራን የሚድ ወረቀት ሳይዘገይ ቢመልሱ ብዬ ሁልጊዜ የምለምነው። እርማቱ ሳይመለስ የሚቀር ፈተና ልጁን መዝኖታል፤ ግን ምንም አላስተማረውም።

ወረቀቱ እንዴት እንደሚታረም ብታውቁ ደግሞ ፍርሃቱ ይቀንሳል። የሂሳብ ፈተና ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይኖረዋል፤ ምርጫና ወርክ አውት። ምርጫው ወይ ነው ወይ አይደለም። ወርክ አውቱ ግን በየደረጃው ነው የሚታረመው። ለምሳሌ 4 ማርክ የያዘ ጥያቄ፣ “ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1፣ ሁሉም በ5 ፓወር፤ ዴሪቬቲቩን ፈልጉ” ይላል። ይህ ቼይን ሩል የሚባለው ነው። መጀመሪያ ከውጭ ያለውን፤ 5 ጊዜ ያ ቅንፍ በ4 ፓወር። ከዚያ የውስጡን ዴሪቬቲቭ፤ 2 ኤክስ። ሁለቱን አባዝቶ፣ 10 ኤክስ ጊዜ ቅንፉ በ4 ፓወር። የውጩን በትክክል የጻፈ ልጅ የውስጡን ቢረሳ እንኳ ያለውን ማርክ ያገኛል። መልሱን ብቻ ከጎረቤቱ አይቶ የጻፈ ደግሞ፣ መምህሩ መንገዱን ስለሚፈልግ፣ ትክክለኛ መልስ ጽፎ ማርክ ሊያጣ ይችላል። ብዙ ተማሪዎች መልሱ ካልመጣላቸው ባዶ ወረቀት ይሰጣሉ። ይህ ከሁሉም ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ጅማሬው ብቻ ሊያስገኝ የሚችለውን ማርክ ጥለው ነው የሚወጡት።

ታዲያ ማርኩ የሚፈስሰው የት ነው? እኔ ከተማሪዎች ጋር ወረቀት ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር የማየው ነገር ያስደንቀኛል፤ ካልኩለሱ ውስጥ እምብዛም አይደለም። አንድ ቀላል ሊሚት ልስጣችሁ። “ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4፣ ለኤክስ ሲቀነስ 2 ሲካፈል፤ ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ ወዴት ይጠጋል?” 2ን ቀጥታ ብታስገቡት ዜሮ ለዜሮ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙዎች “መልስ የለውም” ብለው ያቆማሉ። በ1.9 ሞክሩት፤ 3.9 ይሰጣል። በ1.99 3.99። በ2.01 4.01። ወደ 4 እየተጠጋ ነው። ምክንያቱም ላይኛው፣ “ኤክስ ሲቀነስ 2” ጊዜ “ኤክስ ሲደመር 2” ተብሎ ይፈታል፤ “ኤክስ ሲቀነስ 2” ከታችኛው ጋር ይጠፋፋል፤ የሚቀረው ኤክስ ሲደመር 2 ነው። ያቺ አፈታት የታች ክፍል አልጀብራ ናት። ሊሚቱ ገብቶት አልጀብራው የጠፋበት ልጅ “ካልኩለስ ጣለኝ” ይላል። የጣለው ካልኩለስ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ሳይጠገን የቀረ ድልድይ ነው። ሀ ሲደመር ለ፣ በካሬ ሲባል፣ ሀ ካሬ ሲደመር ለ ካሬ ብሎ የሚጽፍ ልጅ መካከለኛውን 2 ሀለ እስኪያገኝ ድረስ የትኛውም መምህር ኢንቴግራል ሊያስተምረው አይችልም።

ሁለተኛው የሚፈስበት ቋንቋ ነው፤ ይህን ማታር ላይ ሆናችሁ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ልጁ በቤቱ ኑዌርኛ ይናገራል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ካልኩለስ ደግሞ በላዩ የራሱን ምልክት ይጨምራል። “አት ሞስት” እና “አት ሊስት” የሚሉትን ሁለት ቃላት ያምታታ ልጅ ሒሳቡን አሳምሮ ሠርቶ ተቃራኒውን መልስ ያመጣል። ይህ የማሰብ ጉድለት አይደለም፤ የሦስት ቋንቋ ሸክም ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ በየምዕራፉ የሚመጡትን አሥር አሥራ አምስት ቃላት በኑዌርኛ ወይም በአማርኛ ለራሱ ማስረዳት። የወንዙ ምሳሌ በኑዌርኛ ሲነገር ዴሪቬቲቭ ያንሳል ብላችሁ አትስጉ።

አሁን ደግሞ ከእናንተ ሁለታችሁ የጠየቃችሁኝ አለ፤ “መምህሩ ኤ የሚሰጠው ለተወሰነ ሰው ነው ይባላል፤ እውነት ነው?” የሚል። ቀድሞ እውነትነት ነበረው። ቋሚ መለኪያ ከመስፋፋቱ በፊት ብዙ ቦታ ግሬድ የሚሰጠው ተማሪው ከተማሪው ጋር ተነጻጽሮ ነበር። ክፍሉ ሁሉ ዝቅ ካለ 55 ያመጣ ቢ ሊያገኝ ይችላል፤ ክፍሉ ጎበዝ ከሆነ 70 ያመጣ ሲ። አንዱ ከወጣ ሌላው ይወርዳል። ጫናውም የቆየ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን በመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት የሚሰናበቱ ፍሬሾች “የገና ምሩቃን” የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር። ብዙ እንደሚሰናበት ከመነሻው የሚያውቅ ተማሪ ደብተሩን ለጎረቤቱ አያውስም።

በቋሚው መለኪያ ግን 70 ማለት 70 ነው። ጎረቤትህ 95 ቢያመጣ ያንተ ቢ አይነካም። አሠራሩ ከተለወጠ ዓመታት ቢያልፉም ልማዱ አለ፤ ዛሬም ያለፈ ዓመት ፈተና ያገኘ ልጅ የሚደብቅበት ዶርም አለ። ይህን ለልጆቻችሁ አስረዱልኝ፤ ማካፈል አሁን ኪሳራ የለውም።

ስለ ማካፈል ካነሳሁ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ልንገራችሁ፤ ለጋምቤላ ልጆች በቀጥታ የተጻፈ ይመስለኛል። በ1970ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩሪ ትራይስማን የሚባል ወጣት የሂሳብ ሰው አንድ ነገር አስጨነቀው። ጥቁር ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ጎበዝ ተብለው መጥተው ካልኩለስ ላይ ይወድቃሉ። መምህራኑን ሲጠይቅ፣ ዝግጅት ያንሳቸዋል፣ ፍላጎት የላቸውም፣ ቤተሰባቸው ድሃ ነው የሚል መልስ አገኘ። እሱ ግን 20 ጥቁርና 20 ቻይናዊ አሜሪካዊ ተማሪዎችን መርጦ አብሯቸው ዋለ፤ እንዴት እንደሚያጠኑ አየ። ከተባሉት ምክንያቶች አንዱም አልያዘለትም። ያየው ልዩነት ሌላ ነበር። ጥቁሮቹ ተማሪዎች በትጋት ያጠናሉ፤ የተባሉትን 8 ሰዓት ያህል በሳምንት ይቀመጣሉ፤ ግን ለየብቻቸው። ቻይናውያኑ መጀመሪያ ለየብቻ ይሠሩና ማታ ይሰበሰባሉ፤ አንዱ የሌላውን ወረቀት ያርማል፣ የከበደውን ጥያቄ አብረው ይታገሉታል፤ ሲደመር 14 ሰዓት ያህል ይሆናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ሲያቅታቸው፣ ሌሎቹም እንዳቃታቸው ስለሚያዩ፣ ጥያቄው ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ። ብቻውን የተቀመጠው ልጅ ግን “እኔ ደደብ ነኝ” ብሎ ይደመድማል።

ትራይስማን ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው እኔን የሚያስደስተኝ። ለደካሞች የሚሆን ማጠናከሪያ አላዘጋጀም። ተማሪዎቹን በቡድን ሰብስቦ ከክፍሉ ይልቅ የከበዱ ጥያቄዎችን ሰጣቸው፤ “እናንተ ለዚህ ትበቃላችሁ” አላቸው። ውጤታቸው ተለወጠ። ሥራውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 በአንድ የሂሳብ መጽሔት ላይ አሳትሞታል፤ ዛሬም ካልኩለስ የሚያስተምር ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነው።

እኛ ዘንድም ቡድን የለም አይባልም። “አንድ ለአምስት” ተብሎ በየትምህርት ቤቱና በየግቢው ተዋቅሮ ነበር። ስም ዝርዝር ከላይ ስለወረደ ብቻ ግን አምስት ሰው አብሮ አያስብም። የሚሠራው ቡድን እያንዳንዱ መጀመሪያ ለብቻው ሞክሮ፣ ያቃተውን ይዞ የሚመጣበት ነው። አንዱ ሠርቶ አራቱ የሚገለብጡበት ከሆነ ከመጀመሪያው ባይሰበሰቡ ይሻላል።

“ታዳጊ ክልል” የሚለውን ስምም በዚህ ዓይን እዩልኝ። ከጋምቤላ፣ ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለሚመጡ ልጆች የመግቢያ ነጥብ ሲቀነስ ኖሯል፤ ቱቶሪያልም ይዘጋጅላቸዋል። በሩን መክፈቱ ትክክል ነው፤ ከልቤ እደግፈዋለሁ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን “እነዚህ ልጆች ሲ ካገኙ ይበቃቸዋል” ብሎ መጠበቅ በደል ነው። ቱቶሪያሉ ክፍል ውስጥ የተባለውን ቀስ ብሎ መድገም ከሆነ ልጁ ሁለት ጊዜ ይሰለቻል። ከባድ ጥያቄ ቢሰጠው፣ ጊዜ ቢሰጠው፣ አብሮት የሚታገል ሰው ቢኖረው ይሠራዋል። ጥብቅ ግሬድ ልጅን አይጎዳውም። የሚጎዳው ከእሱ ምንም አለመጠበቅ ነው።

ችግሩ የእናንተ አካባቢ ብቻ እንዳይመስላችሁም ልጨምር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው ከመላው አገሪቱ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 30 ሺህ የማይሞሉ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። ከ2014ቱ ፈተና በኋላ የሪሚዲያል ፕሮግራም ተጀምሮ ካላለፉት ተማሪዎች የተወሰኑት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደገና እየተዘጋጁ ሲፈተኑ ቆይተዋል፤ የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የሌላ ግቢ የሂሳብ መምህር ፊት የሚቀመጠው ክፍል ይህን ሁሉ ተሸክሞ የመጣ ነው። መምህሩ ከመጀመሪያው ሳምንት አጭር የአልጀብራ ፈተና፣ ለማርክ ሳይሆን ለማወቅ ብቻ፣ ቢሰጥ ማን የት እንደቆመ ያያል። ይህን የሚያደርጉ መምህራን አሉ፤ ክፍላቸውም ይታወቃል።

ስለ ቅሬታ ጠይቃችሁኝ ነበር፤ እሱን ባጭሩ። ግሬድ ተለጥፎ ስህተት ያለ የሚመስለው ተማሪ ወረቀቱን አይቶ ድምሩን ማረጋገጥ ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲዎች ሕግ መንገድ አለው። ቀኑ ግን አጭር ነው፤ ልጁ ውጤት ሳያይ ጀልባ ተሳፍሮ ማታር ከገባና ኔትወርክ ከጠፋ ዕድሉ ያልፋል። ኤፍ ኤክስ ያገኘም የድጋሚ ፈተናውን ቀን ከግቢው ሳይወጣ ጠይቆ ይያዝ። ከአስተዳደሩ ጋር የሚያጣላ ነገር አይደለም፤ ጨዋ ሆኖ፣ ወረቀት ይዞ፣ በጊዜ መሄድ ነው።

በሚቀጥለው መስከረም ከማታር የሚወጣ ልጅ ካለ ሦስት ነገር አሲዙልኝ። አንደኛ፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፉን፤ አልጀብራው ያለው እዚያ ነው፤ ክረምቱን ውሃው መንገድ ሲዘጋ ይሥራው። ሁለተኛ፣ ኮርስ አውትላይኑን በተሰጠው ቀን ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፤ ከስንት እንደሚያዝ አብረን እናሰላለን። ሦስተኛ፣ ከባድ ጥያቄ አብሮት የሚታገል አንድ ጓደኛ በመጀመሪያው ሳምንት ይፈልግ፤ ከየትም ክልል ይሁን። ስልኬን ታውቁታላችሁ፤ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ይደውል።